መንጠቆ ያልነው ሰርቭ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነውን ሰዎች አስቀድሜ አንድ በአንድ ላስታውቅ። ኋላ ላይ ማን ምን እንዳደረገ እንዳይምታታ ነው።

የመጀመሪያዋ፣ ልጄ ትርሲት ናት። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል። ረዘም ያለች፣ ቀጭን፣ ስትናደድ ድምፅዋ ከፍ የማይል፣ ጭራሽ የሚጠፋ ልጅ ናት። ሁለተኛዋ እናቷ የሻረግ፣ ቢቸና ገበያ ላይ ቅመም የምትሸጥ። ሦስተኛው መምህር ጌትነት፣ የልጄ የስፖርት መምህር፣ ቁጣ የማያውቅ ወጣት። አራተኛዋ ሐያት የምትባል የሞጣ ልጅ ናት፤ አባቷ አቶ ኑሩ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ልጃቸው ስትጫወት ሱቃቸውን ዘግተው ይመጣሉ። አምስተኛዋ ወይዘሪት ሰናይት፣ ከደብረ ማርቆስ የመጣችው የተጫዋቾች መራጭ። ስድስተኛዋ ውብነሽ፣ የየጁቤ ከተማ ልጅ። ከውብነሽ ጋር አንድም ቃል ተነጋግሬ አላውቅም፤ ቢሆንም በደሌ እሷም ዘንድ ደርሷል።

የመጨረሻው እኔ ነኝ። አያልነህ እባላለሁ፣ አናጺ ነኝ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ማንበቡንም፣ መለካቱንም፣ በር መግጠሙንም ራሴን በራሴ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። «ማንም ምንም አላሳየኝም» ማለት እወድ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያ አነጋገር ኩራት ብቻ አልነበረም። ለቤቴ ሰዎች «እናንተም ምንም አታሳዩኝ» ማለቴ ነበር።

የጠረጴዛ ቴኒስንም የለመድሁት እንደዚሁ ነው። በወጣትነቴ በቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ተደግፌ ሌሎች ሲጫወቱ አይ ነበር። ተራ ስለማይደርሰኝ ከመጫወት ይልቅ ማየት አበዛሁ። በኋላ ደግሞ በስልኬ የውጭ አገር ተጫዋቾችን ቪዲዮ ማየት ጀመርሁ፤ የሚሉት ባይገባኝም እጃቸውን አያለሁ። ትርሲት ስድስተኛ ክፍል ሳለች በትምህርት ቤት ውድድር ሁለት ወንዶች አሸንፋ ስትመጣ «ጠረጴዛ እሠራልሻለሁ» አልኋት። ሠራሁም።

ስለ ጠረጴዛው ትንሽ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና። የጠረጴዛው ግማሽ አንድ ሜትር ከሠላሳ ሰባት ሳንቲሜትር ርዝመት ይፈልጋል። የኮምፔርሳቶ ወርድ ግን አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት ነው። አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ይጎድላል። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ ስንዝር የማይሞላ ቁራጭ ቀጠልሁ። በኮላ አጣበቅሁት፣ መጋጠሚያውን በስቱኮ ሞላሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁትና አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። እንኳን ሌላ ሰው፣ እኔ ራሴ መጋጠሚያውን ለማየት ዓይኔን ማጥበብ ነበረብኝ። ከሥራ ቤቴ ጀርባ ባለችው፣ ወለሏ አፈር በሆነች የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ አቆምሁት።

ልምምዱንም እኔው ደነገግሁ። በጠረጴዛው ማዶ ግራ ጥግ ላይ በጠመኔ አራት ማዕዘን አሰመርሁ። ሁለት የወተት ጣሳ አስቀመጥሁ፤ በአንዱ ውስጥ ሁለት መቶ ሚስማር። ትርሲት ሰርቭ፣ ማለትም ጨዋታ የሚጀመርበትን ምት፣ መትታ ኳሷ የጠመኔው ሳጥን ውስጥ ስታርፍ አንድ ሚስማር ወደ ባዶው ጣሳ ታዛውራለች። ካላረፈች ሚስማሩ ባለበት ይቆያል። ሁለት መቶው ሳያልቅ መውጣት የለም። በየቀኑ፣ ከትምህርት ቤት በፊት፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ። እኔ በፊት በኩል ባለው ሥራ ቤቴ መጋዜን እየሳልሁ የኳሷን ጠቅታ እሰማለሁ። ጠቅታው ሲቋረጥ «ምን ሆነሽ ነው?» ብዬ እጮሃለሁ።

የሚመልስላት ሰው አልነበረም። ኳሷ ከጠረጴዛው አልፋ ግድግዳ ትመታለች፣ ትርሲት ትለቅማለች፣ እንደገና ትመታለች።

አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ግን አንድ ነገር መጣ። ጥጉ ላይ የምታርፈው ኳስ በድንገት ወደ ላይ ተነሥታ ወደ ጎን መፈናጠር ጀመረች። ልክ በመንጠቆ እንደተሳበች። ይህ የሆነው እኔ ከቪዲዮ ያየሁትን የእጅ አንጓ አመታት ባስተማርኋት ሳምንት ነበርና የእኔ ሥራ ነው ብዬ አመንሁ። «መንጠቆ» ብዬ ስም አወጣሁለት። በር ሊያሠሩ የመጡ ደንበኞች «እስቲ የዚያችን ልጅ መንጠቆ አሳየን» እያሉ ወደ መጋዘኑ ይገቡ ጀመር። ራኬት ይዘው ይሞክራሉ፤ ኳሷ በትከሻቸው ላይ ታልፋለች፤ ይስቃሉ፤ «አያልነህ፣ አንተ እኮ ሳታስበው ጀግና ወልደሃል» ይላሉ። እኔ እንጨቴን እለካለሁ። ውስጤ ግን ያብጥ ነበር።

በኋላ ከምተርክላችሁ የሞጣው ውድድር ሦስት ወር ቀደም ብሎ ትርሲት ምሳ ላይ ቀና ብላ፣

«አባ፣ መንጠቆው ትምህርት ቤት አይነሣም» አለችኝ።

«ጠረጴዛቸው ያረጀ ነው።»

«አዲሱም ላይ አይነሣም።»

«እንግዲያው እጅሽ ነው። ሃምሳ ሚስማር ጨምሪ።»

የሻረግ «ልጅቱ የምትለውን አዳምጣት እንጂ» ብትል «አንቺ በርበሬሽን ልኪ» አልኋት። ትርሲት እንጀራዋን ጨርሳ ተነሣች። ከማግስቱ ጀምሮ ሁለት መቶ ሃምሳ ሆነ።

መምህር ጌትነትም በዚያው ሰሞን ሱቄ ድረስ መጣ። ሁለት ደንበኞች ተቀምጠው ነበር።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ሰርቭ ለብቻው አይለመድም። የሚመልስላት ሰው ያስፈልጋል። መትታ ስታበቃ ቀጥሎ ለሚመጣው ኳስ ካልተዘጋጀች ግማሽ ሥራ ነው። ጠረጴዛም ብትቀያይር፣ አጭርም ረጅምም ብትመታ ጥሩ ነው። ከፈቀዱልኝ በእረፍት ሰዓት እኔ እመልስላታለሁ።»

«መምህር፣ አንተ ሩጫውን አስተምርልኝ» አልሁት። «ሰርቩን እኔ እችለዋለሁ።»

ደንበኞቹ ሳቁ። መምህሩም አብሯቸው ፈገግ ብሎ ወጣ። ያን ፈገግታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ለእኔ ያፈረልኝ ፈገግታ ነበር።

ውድድሩ በመንገድ ምክንያት ሁለት ጊዜ ከተራዘመ በኋላ ቀን ተቆረጠለት። ሞጣ፣ ቅዳሜና እሑድ። ስምንት ልጆች ከየወረዳው ይመጣሉ፤ ሦስቱ ተመርጠው ለሁለት ዓመት እየተማሩ፣ እየበሉ፣ እያደሩ የሚሠለጥኑበት ማሠልጠኛ ይገባሉ። ሁለቱ የሚመረጡት በውጤት ነው። ሦስተኛዋን ግን መራጯ በዓይኗ አይታ ትወስዳለች። ትርሲት ይህን ከሰማች ወዲህ የምታስበው ሌላ ነገር አልነበረም። ለእናቷ «እዚያ እኮ ስምንት ጠረጴዛ አለ አሉ» ስትል ሰምቻታለሁ። ስለ ምግቡም፣ ስለ መኝታውም አይደለም። ስምንት ጠረጴዛ።

ዓርብ ዕለት እሷ፣ መምህሩና እኔ በሚኒባስ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ሄድን። መንገዱን ሙሉ የእጅ አንጓዋን እንድታዞር አደረግኋት። ልንደርስ ስንል፣

«ከመንጠቆው ሌላ ሰርቭ እንዳትመቺ። ቃል ግቢልኝ።»

«ባይነሣስ?»

«ቃል ግቢ አልሁሽ።»

«እሺ አባ።»

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሁለት ሰማያዊ የፋብሪካ ጠረጴዛዎች ተዘርግተዋል። የትርሲት የመጀመሪያ ተጋጣሚ የቤቱ ልጅ ሐያት ሆነች። አቶ ኑሩ ከእኔ ሁለት ወንበር ራቅ ብለው ተቀምጠው «ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» ብለው ሰላም አሉኝ። ለሰላምታቸው ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።

ትርሲት የመጀመሪያውን ሰርቭ መታች። አመታቷ ልክ ነበር፤ አንጓዋ ልክ፣ ከፍታው ልክ፣ ያረፈችበት ጥግ ልክ። ኳሷ ግን አልተነሣችም። ለመምታት እንደምትመች ሆና፣ ደረት ላይ፣ ቀስ ብላ ሄደች። ሐያት አንድ ጊዜ ወዘወዘችና ጧ! ኳሷ ትርሲትን አልፋ ግድግዳው ላይ ጮኸች።

ትርሲት ዞር ብላ አየችኝ። በጣቴ አንጓዬን አዙሬ አሳየኋት፤ ድገሚው።

ደገመችው። ጧ!

የመጀመሪያው ዙር አሥራ አንድ ለአራት አለቀ። በእረፍቷ ጠጋ ብዬ «ፈርተሽ ነው፤ እጅሽ ሰንፏል» አልኋት። መምህር ጌትነት አንድ ነገር ሊነግራት አፉን ሲከፍት እጄን ዘርግቼ አስቆምሁት።

በሁለተኛው ዙር ሐያት ሰባት ለሁለት ስትመራ፣ ትርሲት አጎንብሳ፣ ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቀውን አንድ ሰርቭ መታች። አጭር፣ መረቡን ልትነካ ምንም ያልቀራት። ሐያት ልትመልሳት ስትዘረጋ ኳሷ መረብ ውስጥ ገባች። ሌላ ደገመች። አሁንም መረብ። ሰው አጨበጨበ። ከመራጮቹ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ብድግ ብላ ስትጽፍ አየሁ፤ ወይዘሪት ሰናይት ነበረች። መምህር ጌትነት በጉልበቱ ላይ ቡጢውን ጨብጦ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። በየእረፍት ሰዓቱ ያስተማራት እሱ ነው።

ሌላ አባት ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን ከወንበሬ ተነሥቼ፣

«ማን አዘዘሽ! መንጠቆውን!» ብዬ ጮህሁ።

«ኧረ ተዋት ትጫወት!» አለ አንዱ ከኋላ።

ትርሲት ቃል ገብታለች። ወደ መንጠቆው ተመለሰች። አሥራ አንድ ለአምስት።

በሦስተኛው ዙር ሐያት ስድስት ለሁለት ስትመራ መቀመጥ አቃተኝ። ወደ ዳኛው ሄድሁ።

«ጠረጴዛው ጠማማ ነው። ይታይልኝ።»

ዳኛው ሸበቶ ሰው ናቸው። «አባቴ፣ ይቀመጡ» አሉኝ።

«አናጺ ነኝ። ጠማማ እንጨት አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ይምጡ ይዩት፤ ከዚያ ይቀመጣሉ።»

አዳራሹ ሣቀ። «ምን አመመው ዶክተር?» አለ አንዱ ጎረምሳ። «ትንፋሹን አዳምጠው እንጂ!» አለ ሌላው። «ቢቸናዎች ሐኪም ይዘው ነው የመጡት!»

ሐያትና ትርሲት ከሁለቱም ወገን ራኬታቸውን ይዘው ቆመዋል። መዳፌን ዘርግቼ ከጫፉ እስከ መረቡ አስኬድሁት። የአናጺ መዳፍ ከዓይኑ ይበልጣል፤ ዓይን ያለፈውን መዳፍ ይይዛል። ጠረጴዛው እንደ ውኃ ገጽ ነበር። ምንም የለበትም።

መዳፌ እዚያ ሰማያዊ ጠረጴዛ ላይ ሳለ ግን ሌላ ጠረጴዛ ትዝ አለው።

እዚህ ላይ እውነቱን እናገራለሁ። ከሦስት ወር በፊት፣ ትርሲት «መንጠቆው ትምህርት ቤት አይነሣም» ባለችኝ ማግስት፣ እሷ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ወደ መጋዘኑ ገብቼ መዳፌን በጠረጴዛችን ግራ ጥግ ላይ አሳልፌ ነበር። የቀጠልሁት ቁራጭ በክረምቱ እርጥበት አብጦ ከጥጉ ከፍ ብሏል። የአንድ ጥፍር ውፍረት ያህል፤ ከዚያ አይበልጥም። ኳሷ እዚያች ከንፈር መሳይ ጠርዝ ላይ ስታርፍ ትፈናጠራለች። መንጠቆው የእጅ አንጓ አልነበረም፣ የእኔም ትምህርት አልነበረም። የእኔ የተበላሸ መጋጠሚያ ነበር። ከጆሮዬ ላይ እርሳሴን አውርጄ፣ ሊላግ የሚገባውን እንጨት ሁሉ እንደማደርገው፣ ቦታው ላይ የኤክስ ምልክት አደረግሁበት። መላጊያዬንም አነሣሁ።

ያን ጊዜ አንድ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ «አያልነህ፣ ዛሬ ደግሞ ወንድሜን ይዤው መጥቻለሁ፤ መንጠቆዋን እንዲያይ» አለኝ። መላጊያውን አስቀመጥሁ። ነገ እልገዋለሁ አልሁ። በነጋታውም ነገ አልሁ። ምልክቱን እያየሁ፣ አንጓዋም ይረዳዋል እያልሁ ራሴን እየሸነገልሁ፣ ሦስት ወር በላዩ ላይ አስመታኋት።

አዳራሹ ውስጥ ሰዉ ይጠብቀኛል።

«ጠረጴዛው ደኅና ነው» አልሁ።

«ታዲያ ችግሩ የት አለ?» አለ ያ ጎረምሳ።

ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ሰው ስቆብኝ ያልፍ ነበር። እኔ ግን መሣቂያ መሆኑን አልቻልሁትም። ወደ ልጄ ዞርሁ።

«ችግሩ እሷ ናት» አልሁ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «በየቀኑ ሁለት መቶ ሃምሳ ሚስማር ቆጥራ እንድትመታ አዝዣት ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። እሷ ሳትመታ ሚስማሩን ብቻ ከጣሳ ወደ ጣሳ ታዛውራለች። ተለማመድሁ እያለች ስታታልለኝ ነው የከረመችው።»

ሣቁ ቆመ። ሐያት ራኬቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አባቷን አየች። አቶ ኑሩ ከተቀመጡበት በዝግታ፣ «ይኼ በሰው ፊት አይባልም፣ ወንድሜ» አሉኝ።

ትርሲት አላለቀሰችም። ኳሷን በመዳፏ ይዛ ለዳኛው «እንቀጥል» አለቻቸው። አሥራ አንድ ለሦስት ተሸነፈች። የቀረውን ሁሉ መንጠቆ መታች፤ አንዱንም ሳታስቀር። ትእዛዜን ፈጸመችልኝ።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሪት ሰናይት በረንዳ ላይ ጠራችኝ። ደብተር ይዛለች።

«አቶ አያልነህ፣ ልጅዎ ያን አጭር ሰርቭ ስትመታ አይቻታለሁ። እግሯም ጥሩ ነው። ነገ ሁለት ግጥሚያ አላት፤ ባታሸንፍም ሦስተኛዋን የምመርጠው እኔ ነኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እዚያ ስትሄድ የሚቀሰቅሳት አባት የለም። ብቻዋን ስትሆን የማትሠራ ልጅ ከወሰድሁ ቦታውን አባከንሁት ማለት ነው። ጠዋት ያሉት እውነት ነው?»

በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። ሰው የለም፣ የሚሥቅ የለም፤ እሷና እኔ ብቻ። «ተናድጄ ነው፤ ልጄ አትዋሽም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን እንዲህ ካልሁ «ታዲያ ሰርቩ ለምን አልሠራም?» ትለኛለች። ከዚያ መጋጠሚያው ይመጣል፤ ከመጋጠሚያው የእርሳሱ ምልክት።

«አባት በልጁ ላይ ምን ብሎ ይዋሻል?» አልኋት።

ደብተሯን ዘጋች። «ገባኝ» አለች።

እሑድ ጠዋት ትርሲት ወደ እኔ ሳታይ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ያን ቀን መንጠቆ የሚባል አልመታችም። አጭሩን፣ ረጅሙን፣ እያፈራረቀች መታች፤ መትታም ወዲያው ለሚመጣው ኳስ ትዘጋጃለች። መምህሩ የነገረኝን ሁሉ እዚያ አየሁት። መጀመሪያ ከአምበር ከተማ የመጣችውን ልጅ አሸነፈች፤ ቀጥሎ የየጁቤዋን ውብነሽን ሦስት ለአንድ። መምህር ጌትነት እየዘለለ «አለን! አሁንም አለን!» ይላል። እኔም በልቤ ምናልባት ይረሳ ይሆናል አልሁ። ሰው የተናገረውን ሌላው እንዲረሳለት ሲመኝ ምን ያህል እንደሚያንስ ያን ቀን አወቅሁ።

ቀትር ላይ ስም ተጠራ። ሐያት። አንዲት የደብረ ማርቆስ ልጅ። ሦስተኛዋ፣ ውብነሽ።

መምህር ጌትነት ወደ ወይዘሪት ሰናይት ተራመደ። ትርሲትና እኔም ተከተልን።

«ይቅርታ፣ ትርሲት ውብነሽን ዛሬ ጠዋት አሸንፋታለች» አላት።

«አውቃለሁ፤ አይቻለሁ። በችሎታዋ አይደለም» አለች ሰናይት። ወደ እኔ አየች። «ምክንያቱን አባቷ ያውቃሉ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ትርሲት ከቅዳሜ ጀምሮ ያልሰማሁትን ድምፅዋን አወጣች። ልመና አልነበረም፤ እንደ ትልቅ ሰው ነው የተናገረችው።

«አባ፣ ንገራቸው።»

ምን ልንገራቸው እንደምትል አልጠየቅኋትም። ዓይኗን አይቼ የምትለው ከሚስማሩ ያለፈ ነገር እንደሆነ ጠርጥሬአለሁ። መዳፌ ላይ ያን ከንፈር እንደገና ዳሰስሁት።

«እንሂድ» አልሁ። «ሚኒባሱ እንዳያመልጠን።»

ቢቸና ስንወርድ የቦርሳዋን ማንገቻ ልይዝላት እጄን ስዘረጋ «ይተዉት፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለችኝ። አንቱ አለችኝ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሰኞ ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት ከእንቅልፌ ነቃሁ። ጠቅታ የለም። ልብሴን ለብሼ ወደ መጋዘኑ ሄድሁ፤ የመጀመሪያው ብርሃን በቆርቆሮው ቀዳዳ ይገባ ነበር። ትርሲት ሰርቭ ስትመታ በምትቆምበት ቦታ ላይ፣ አፈሩ ላይ፣ ሁለት ጎድጓዳ ነገር አየሁ። የእግር ቅርጽ አላቸው። የግራው ጠለቅ ያለ ነው፤ ስትመታ የምትደገፍበት ነውና። ጎንበስ ብዬ እጄን ከተትሁበት፤ ጣቶቼ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገቡ።

ያን ጉድጓድ ከዚያ በፊትም አይቼዋለሁ። እንዲያውም አንድ ቀን «ይኼን አፈር ሙዪው፤ ጠረጴዛው ያዘነብላል» ብዬ ተቆጥቻታለሁ። አንዲት ልጅ ዓመት ሙሉ በአንድ ቦታ ቆማ ካልመታች መሬት በእግሯ ልክ እንደማይሰረጉድ የማውቅ ሰው ነኝ። ሚስማሮቹንም አየኋቸው። የሱቄ ሚስማር ሁሉ ዝገት ሲይዘው እነዚያ በጣቷ ብዛት ጠርተው ያብለጨልጩ ነበር።

መላጊያዬን አመጣሁ። ከንፈሩን ላግሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁት። የእርሳሴ ምልክት ከእንጨቱ ልጣጭ ጋር ተጠቅልሎ ወደቀ። ስጨርስ ሰዓቴን አየሁ፤ የፈጀብኝ አሥር ደቂቃ ነው።

ከመምህሩ ስልክ ቁጥር ተቀብዬ ለወይዘሪት ሰናይት ደወልሁ። ሁሉንም ነገርኋት።

«ዝርዝሩ ትናንት ማታ ሄዷል። ልጅቱም ነገ ትገባለች። አሁን ውብነሽን ውጪ ልበላት?»

«አይሆንም።»

«ለምን ያን ጊዜ አልነገሩኝም? በረንዳው ላይ?»

«አፍሬ።»

«ለልጅዎ ነግረዋታል?»

«ገና ነኝ።»

«እሱን ማስቀደም ነበረብዎ» አለችና ዘጋችው። እውነቷን ነው። ይቅርታን እንኳ የጀመርሁት ለማያውቀኝ ሰው በመናገር ነው፤ የሚቀልለው ያ ስለሆነ።

ትርሲት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ መጋዘኑ ጠራኋት። እናቷም በር ላይ ቆመች። የተላገውን ጥግ አሳየኋት።

«እዚህ ላይ እንጨቱ አብጦ ነበር» አልኋት። «መንጠቆው እሱ ነበር። ሞጣ ሳንሄድ አውቄዋለሁ። አንቺ አልዋሸሽም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

መዳፏን ዘርግታ ጥጉን ዳሰሰችው። ልክ እንደ እኔ አዳሰስ።

«አውቃለሁ» አለች። «የእርሳስ ምልክትዎን አይቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ባደረጉት ማግስት። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ስመታ።»

የሻረግ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይልጉታል ብዬ እየጠበቅሁ ነበር።»

ይህን ብላ ደብተሯን ይዛ ወጣች። በዚያ ሦስት ወር ውስጥ በየጠዋቱ ምልክቴን እያየች፣ አባቷ እንደሚያውቅ እያወቀች፣ በምልክቱ ላይ ሁለት መቶ ሃምሳ ጊዜ ስትመታ ኖራለች። ሞጣ ላይ «ታታልለኛለች» ስላት እየዋሸሁ መሆኑን ከአዳራሹ ሁሉ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። ደግሞም ዝም አለችልኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን አታለማምዱ አልልም። ተግሣጽን ዛሬም አምንበታለሁ። ግን ልጃችሁ «አይሠራም» ስትላችሁ ልጅቱን ከመመርመራችሁ በፊት የራሳችሁን ሥራ በመዳፋችሁ ዳስሱት። ስለ ሰርቭ የምነግራችሁ ካለም መምህር ጌትነት የነገረኝ ነው፦ የሚመልስ ሰው ይኑር፣ ጠረጴዛ ይቀያየር፣ ሳጥን ውስጥ ያረፈውን ብቻ ሳይሆን ተመልሶ የመጣውንም ቁጠሩ። እኔ ሚስማር አስቆጠርኋት እንጂ አንድም ቀን ከማዶ ቆሜ ኳሷን አልመለስሁላትም። ብቆም ኖሮ በአንድ ጠዋት አውቀው ነበር። ምናልባትም ያልቆምሁት ለዚያ ነው።

ይህን የጻፍሁት ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ውስጥ የሰሙኝን ሰዎች አንድ በአንድ ማግኘት ስለማልችል ነው። በአደባባይ የተባለ በአደባባይ ይመለስ።

አሁን ሂሳቡን ልዝጋ። ትርሲትን ሁለት ዓመትና ስምንት ጠረጴዛ አስከፈላት። ዛሬም ትጫወታለች፤ በትምህርት ቤት፣ ከመምህሯ ጋር። ወደ መጋዘኑ አትገባም። መምህር ጌትነት የለፋበት የእረፍት ሰዓት ሁሉ በእኔ አንድ ቃል ባከነ። ወይዘሪት ሰናይት ዓይኗን ማመን እንደቀነሰች ለመምህሩ ነግራዋለች። ሐያት ንጹሕ ድል ነበራት፤ ያን ቀን ሞጣ የሚያስታውሰው ግን የእሷን ድል ሳይሆን የእኔን ጩኸት ነው። ውብነሽን «ቦታውን የወሰደችው ካሸነፈቻት ልጅ ላይ ነው» የሚል ሐሜት ተከትሏታል፤ እሷ ምንም ሳታጠፋ። የሻረግ በሁለት ዝም ያሉ ሰዎች መካከል ተቀምጣ ምሳ ትበላለች። እኔን ደግሞ ልጄ አሁንም አንቱ ትለኛለች፤ ጎረቤት ሲሰማ ጨዋ ልጅ ናት ይላል።

ይህ ሁሉ የወጣው መላጊያዬን አንሥቼ መልሼ ስላስቀመጥሁት ነው። ሥራው አሥር ደቂቃ ነበር።